ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ አባባ የግራ እይታ

ልጄ ሀያት፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አብሽሪ፤ የአባባ ነገር መላ አለው።

«ግራ ዓይኔ ጠፋ» ቢሉም ዓይናቸው ደህና ነው። ስትሮኩ የጎዳው የቀኝ አንጎላቸውን የኋላ ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ የሁለቱንም ዓይን የግራ ግማሽ እይታ ነው የሚይዘው። ራስሽ ፈትሺ፦ አንድ ሜትር ያህል ርቀሽ ፊት ለፊታቸው ተቀመጪ፣ አንድ ዓይናቸውን በመዳፍ ይሸፍኑ፣ በሌላው አፍንጫሽን ብቻ ይዩ፤ ጣትሽን እያንቀሳቀስሽ ከዳር ወደ መሃል አምጪ። ከዚያ ዓይን ይቀይሩ። በሁለቱም ዓይን በግራቸው በኩል የሚመጣው ጣት የሚጠፋ ከሆነ ይኸው ነው። በመነጽር መቀየርና በዓይን ጠብታ ገንዘብ አትጨርሱ።

በራሱ የሚመለስ እይታ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይመለሳል፤ ከ6 ወር በኋላ ተስፋው ይቀንሳል። ልምምዱ ግን ዓይን ወደጠፋው ጎን ራሱ መሄድ እንዲለምድ ነውና ያኔም ይጠቅማል።

ግድግዳ ላይ ከ1 እስከ 12 በትልቁ የተጻፉ ቁጥሮች በትነሽ ለጥፊ፤ 8ቱ በግራ ይሁኑ። አባባ ሜትር ተኩል ርቀው ይቀመጡ፤ ቁጥር ስትጠሪ ራሳቸውን ሳያዞሩ በዓይናቸው ይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው፤ ዓይን ወደማያየው ጎን በትንንሹ እየዳኸ ሄዶ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ ጊዜ እስከ ግራው ጥግ ይወርውሩት፣ ከዚያ ወደ መሃል እየመለሱ ይፈልጉ። ከየሶላቱ በኋላ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን 25 ደቂቃ ይሞላል፣ ሳይሰለቹም ያልቃል። ይህ ሲቀላቸው ቆመው፣ ቀጥሎ እየተራመዱ።

ንባቡን ለይተሽ ያዢ። አማርኛ ሲያነቡ የሚጠፋቸው የመስመሩ መጀመሪያ ነው፤ በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር ወይም ማስመሪያ አድርጊላቸው፣ ክሩን ሳያዩ ማንበብ አይጀምሩ። ቁርኣን ግን ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ የሚጠፋባቸው ቀጣዩ ቃል ነው፤ ይህ ይከብዳል። የግራ እጃቸውን ጣት የመስመሩ መጨረሻ ላይ አኑረው፣ መጀመሪያ ጣቱን ካዩ በኋላ ወደ ቀኝ ተመልሰው ይጀምሩ። ትልቅ ፊደልና ጥሩ ብርሃን ይኑራቸው።

ቤት ውስጥ ስታወሪያቸው በግራቸው ተቀመጪ፤ ዞር እንዲሉ ያስገድዳቸዋል። የከሰል ምድጃና ጀበና ግን ምንጊዜም በቀኛቸው። ከእንጀራው የግራውን ግማሽ ከተዉት አታጉርሺ፤ «በግራ አለ» በያቸው። ነግረሻቸውም ካላስተዋሉ፣ ጢማቸውን በአንድ ጎን ብቻ ከተላጩ ወይም የሰዓት ስዕል ሲስሉ ቁጥሮቹን ሁሉ ወደ ቀኝ ካጎሩ፣ ይህ አንጎል ግራውን ጎን ጨርሶ የሚዘነጋበት ሌላ ችግር ነው፤ ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትቅሪ።

በማያዩት በኩል ሰው፣ እንስሳ ወይም ጥለት የሚታያቸው ከሆነ ጅን ነው ብላችሁ አታስደንግጧቸው። እይታ ያጣው አንጎል ራሱ ስዕል ይሠራል፤ እብደትም አይደለም። ለሐኪሙ ግን ይነገር።

መንገድ ላይ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። እኛ አገር መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ ከእግረኛ መንገዱ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚደርስባቸው ባጃጅ ከግራ፣ ከማያዩት በኩል ነው የሚመጣው። ፒያሳ ሲሻገሩ ቆመው፣ አንገታቸውን እስከ ትከሻ አዙረው ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። አንቺ በግራቸው ሁኚ፤ ከክርንሽ ከፍ ብለው ይያዙሽ እንጂ አትጎትቻቸው። የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድና ሲመሽ ብቻቸውን አይውጡ። መኪና ሊነዱ ቢሉ እሺ እንዳትዪ።

የግፊት ኪኒናቸውን ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ቀጠሮ ስትሄዱ የእይታ ክልል ምርመራ ይደረግላቸው ዘንድ ጠይቂ፤ ወረቀቱን አስቀምጪው፣ የሚቀጥለው ከእሱ ጋር ይነጻጸራል።

እናትሽ