የአይሲቲ ክበብ ዓመት፦ ከ386 ሜጋባይት ወደ 14

በጥር ወር፣ በመንፈቅ ዓመቱ መዝጊያ፣ አዳራሹ በወላጆች ሞልቶ ሳለ የክበባችን ዝግጅት የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ቆመ። «ከአምስት ኪሎ እስከ ፒያሳ» ይላል ርእሱ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። የአዳራሹ ኮምፒውተር ሁለተኛውን ስላይድ ለማውጣት ሲያምጥ፣ መድረክ መሪው ተማሪ ሦስት ጊዜ «ጥቂት ታገሡን» አለ፤ በአራተኛው የኪነት ክበብ ተነሥቶ እስክስታውን ጀመረ። ወላጆች የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ።

የዘንድሮው ዘገባዬ በአብዛኛው ስለዚያ ፋይል ነው። ሌላውን ባጭሩ ልጨርሰው፦ 28 አባላት ነበሩን፤ ለ9ኛ ክፍል የአማርኛ ትየባ አስተምረናል፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሁለት ኮምፒውተሮች ጠግነናል፤ አንዱ ተመልሶ ተበላሽቷል።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከብሔራዊ ሙዚየም ተነሥተን በአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 ሐውልት፣ ከዚያም በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን፣ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ እስከተመረቀው የምኒልክ ሐውልት ድረስ በእግር ሄድን። ልጆቹ በየስልካቸው ፎቶ አነሡ። ከዚያ ማንም ማንንም ላለማስቀየም 94ቱም ፎቶ ስላይድ ላይ ገባ። ፋይሉ 386 ሜጋባይት ሆነ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ስለተከፈተ አዳራሽ ገብቼ አልሞከርኩትም።

ከውርደቱ በኋላ የቀረበው የመጀመሪያ ሐሳብ ፋይሉን ዚፕ ማድረግ፣ ማለትም አሽጎ ማሳነስ ነበር። 386 የነበረው 384 ሆነ። የፓወርፖይንት ፋይል በተፈጥሮው የታሸገ ጥቅል ስለሆነ እንደገና ማሸጉ አይጠቅመውም። ሙከራው ግን አንድ በር ከፈተልን፦ የፋይሉን ቅጂ ወስደን የስሙን ቅጥያ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን፣ ወደ «ዚፕ» ስንለውጠው ሆድ ዕቃው ተዘረገፈ። «ሚዲያ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ፎቶዎቹ ሁሉ እንደ ክብደታቸው ተሰልፈው አገኘናቸው። ከሁሉ የከበደው ፎቶ እንኳ አልነበረም፤ ልጆቹ በእጃቸው ሥለው በስካነር ያስገቡት የጉዞ ካርታ ነው፤ ብቻውን 31 ሜጋባይት። ከኢንተርኔት ካወረድነው የስላይድ ንድፍ ጋር የመጡ፣ አንድም ቦታ ያልተጠቀምንባቸው ሁለት የጀርባ ሥዕሎችም ተጋድመው ነበር።

ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ብዙ የደከምኩት አንድ ነገር ነው። ፎቶን በማዕዘኑ ይዞ ስላይድ ላይ ማሳነስ ፋይሉን አያሳንሰውም። ያነሰው መታያው ነው፤ ፎቶው እንዳለ ውስጥ ተቀምጧል። የስልካችን ፎቶ 4000 በ3000፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ነው። የአዳራሹ ፕሮጀክተር የሚያሳየው 1024 በ768፣ ስምንት መቶ ሺህ እንኳ የማይሞላ ነው። አንድ ሲኒ ለመሙላት እንስራ ሙሉ ውኃ ተሸክሞ እንደ መምጣት ነው። ደግሞ ሸክሙ ሲከፈት ይብሳል፦ 4 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ ለመታየት ሲዘረጋ፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ሲታሰብ፣ 36 ሜጋባይት ያህል የማስታወሻ ቦታ ይይዛል። ያ ኮምፒውተር ማማጡ አይፈረድበትም።

መከርከምም እንዲሁ ያታልላል። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከምኒልክ ሐውልት ጎን ምላሱን አውጥቶ የቆመ ጓደኛውን ከርክሞ አስወግዶ ነበር። ሌላዋ ፎቶውን ወደ ቀድሞው መልኩ ስትመልሰው ልጁ ከነምላሱ ብቅ አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን ደነገጥኩ፤ ለሰው በምንልከው ፋይል ውስጥ የደበቅነው ሁሉ አብሮ እየሄደ ነበርና። «ኮምፕሬስ ፒክቸርስ» (ሥዕሎችን አሳንስ) በሚለው የፓወርፖይንት ትእዛዝ ውስጥ የተከረከመው ክፍል ጨርሶ እንዲሰረዝ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ያንን ማብራት፣ «ለዚህ ፎቶ ብቻ» የሚለውን ደግሞ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ 93ቱ እንዳሉ ይቀራሉ።

በጥራቱ ምርጫ ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ በአንድ ኢንች 96 ፒክስል ይበቃል አለ፣ ግማሹ 150። ስላይዳችን በወርዱ 10 ኢንች ስለሆነ፣ 150 ሲመረጥ ሙሉ ስላይድ የሚሸፍን ፎቶ 1500 ፒክስል ይኖረዋል፤ ለፕሮጀክተራችን ተርፎ። 96 ግን 960 ብቻ ነው። ክርክሩ ሳያልቅ አንድ ችኩል አባል በ96 አሳንሶ በዚያው በዋናው ፋይል ላይ አስቀመጠው። ካርታው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉት የሰፈር ስሞች ጭቃ ሆኑ። የወጣ ፒክስል ደግሞ አይመለስም፤ ካርታውን ፈልገን እንደገና ስካን አደረግነው። ፎቶዎቹን በጄፔግ፣ ካርታውን ግን ስፋቱን ቀንሰን በፒኤንጂ ተውነው (ሁለቱም የሥዕል ፋይል ዓይነቶች ናቸው)፤ ጄፔግ ለፎቶ ጥሩ ቢሆንም በፊደል ጠርዝ ዙሪያ ብናኝ ይተዋል።

ከትእዛዞቹ ሁሉ ይልቅ ግን ፋይሉን ያቀለለችው የታሪክ መምህርታችን ናት። አጠገባችን ተቀምጣ በየፎቶው «ይህኛው ምን ይነግረኛል?» ትል ነበር። መልስ ያላገኘው ወጣ። ከአምስት ሐውልት አንድ ሐውልት፣ ከአሥራ አንድ የቡድን ፎቶ አንድ። 94ቱ 36 ሆኑ። ያኮረፉ ነበሩ፤ ሁለቱ አሁንም ሰላም አይሉኝም።

በሰኔ የወላጆች ቀን 14 ሜጋባይት የሆነው ፋይል በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው አዳራሽ ተከፈተ፤ በዋዜማው ሁለት ጊዜ ሞክረነዋል። ለጠየቁን ወላጆችም በኢሜይል ላክነው። የኪነት ክበብ ለማንኛውም ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሶ ሲጠብቅ ነበር።

ያልተነኩት ፎቶዎች በቤተ መጻሕፍቱ ደኅና ኮምፒውተር ላይ፣ «ዋናው - አትንኩ» በሚል ፎልደር ውስጥ አሉ። ባለፈው ሳምንት ስቆጥራቸው 93 ናቸው። ምላሱን ያወጣውን ልጅ ጠይቄዋለሁ፤ አላውቅም ብሏል።