ይድረስ ተውኔት ለምታስተምረው ወዳጄ

ለምወድህ ወዳጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ብዙ ጊዜ ድምፄን አጥፍቼብሃለሁ፤ ናፍቆትህ ግን ከልቤ አልወጣም። ዘንድሮ ተውኔት እንድታስተምር መመደብህን ብሰማ ደስ አለኝና ይኸው ብዕር አነሳሁ።

አደራህን፣ ተውኔትን እንደ ልቦለድ አታስነብብ። ታሪኩን ተርከህ ጭብጡን ሰሌዳ ላይ ብታስገለብጥ ተማሪው ፈተናውን ያልፋል፤ ተውኔት ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ጽሑፈ ተውኔት ቃሉን ሰጥቶ ድርጊቱን ለተዋናይና ለአዘጋጅ የሚተው ሥራ ነው። የተተወውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ፈልገው ያግኙት።

ለመጀመሪያ የሼክስፒርን ተውኔት ማክቤዝን እመርጥልሃለሁ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ሁለተኛው ገቢር፣ ሁለተኛው ትዕይንት ይበቃሃል፦ ማክቤዝ ንጉሡን ገድሎ ይመጣል፣ ሚስቱ ትጠብቀዋለች፣ በር ይንኳኳል። ሁለት ክፍለ ጊዜ መድብለት። በጠመኔ ወለሉ ላይ ሁለት መግቢያ አስምር፤ አንዱ ወደ ንጉሡ መኝታ፣ ሌላው ወደ ውጭ። መጀመሪያ ተቀምጠው ለከባድ ቃላት ያንብቡ፤ ዐሥር ደቂቃ አይለፍ።

ከዚያ ስድስት ስድስት አድርጋቸው፦ ሁለት አንባቢ፣ አንድ አዘጋጅ፣ አንድ በር የሚያንኳኳ፣ ሁለት ደግሞ መጽሐፉን ይዘው የሚታዘቡ። በቃል አታስጠና። ዐረፍተ ነገሩን በዓይን አንስተው፣ ቀና ብለው፣ ተያይተው ይናገሩ፤ ካቀረቀሩ ንግግሩ ለወረቀቱ ይሆናል። ወንድና ሴት ባልና ሚስት መሆን ካሳፈራቸው ሁለት ሴት ወይም ሁለት ወንድ ያንብቡት፤ ትዕይንቱ መነካካት አይጠይቅም።

ትልቁ ችግር እዚህ ይመጣል። «ምን ይሰማዋል?» ብለህ ከጠየቅህ «ፈርቷል» ይሉሃል፤ ከዚያ ሁሉም ድምፁን እያንቀጠቀጠ ይጮኻል። «አሁን ከእሷ ምን ይፈልጋል?» በል። ከእያንዳንዱ ንግግር አጠገብ አንድ ግሥ በእርሳስ ይጻፉ፦ ያጣራል፣ ይማጸናል፣ ታጣድፋለች፣ ትገሥጻለች። ግሡ ሲለወጥ ድምፁም አካሉም ሳይታዘዝ ይለወጣል።

ንጉሡ የተገደለባቸውን ጩቤዎች አትርሳ፤ ሁለት ማስመሪያ ይበቃል። ማክቤዝ ከመኝታው ይዟቸው ይወጣል፣ ሚስቱ ግን ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ነው ለምን አመጣሃቸው የምትለው። እስከዚያ እጁ የት ነበር? ጨለማው ጋርዷት ነው ወይስ ዓይኗ ፊቱ ላይ ቀርቶ? አንዱ ቡድን ከጀርባው ያስይዘዋል፣ ሌላው እሷን ፊቷን ያስመልሳታል። አንዱን ልክ አድርገህ አትፍረድ፤ ምርጫቸውን የሚደግፍ ቃል ከገጹ ያሳዩህ። የሼክስፒር ቲያትር ቤት መካከሉ ጣሪያ የሌለው ክፍት ነበር፤ ትርኢቱም የቀን ነበርና ሌሊቱን የሚሠራው ባልና ሚስቱ የሚያነሱት የጉጉት ጩኸትና አጭር አጭር ጥያቄያቸው ነው። የአንተም ክፍል በቀን ብርሃን ስለሆነ መስኮት ለመዝጋት አትድከም።

በር የሚያንኳኳው ልጅ መቸኮል ይወዳል። እሷ ጩቤዎቹን ልትመልስ ገብታ ማክቤዝ ብቻውን እስኪቀር ይጠብቅ፤ ቀድሞ ከመታ ድንጋጤው ይበተናል። ከኋላ ወንበር፣ በዝግታ ይምታ።

ከትርኢቱ በኋላ አንድ ተማሪ ሚስቲቱን ሆኖ ይቀመጥና ይጠየቅ፤ አምስት ደቂቃ ብቻ። ካልተጠነቀቅህ «ለምን አስገደልሽ?» የሚል ችሎት ይሆናል። እስከዚህ ትዕይንት ድረስ የምታውቀውን ብቻ ይጠይቁ፣ መልሱም ከጽሑፉ ይውጣ።

ነጥቡን ለትወና ችሎታ አትስጥ፤ ዓይን አፋሩ ይጎዳል። በመጨረሻው ዐሥር ደቂቃ ሁሉም አንድ ንግግር መርጠው እንዴት እንዳቀረቡትና ከጽሑፉ ምን እንደደገፋቸው ይጻፉ፤ እሱን አርም። አንኳኪውም ታዛቢውም እኩል ይመዘናሉ።

ክፍልህ ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለና ስንት መጽሐፍ እንደደረሰህ ጻፍልኝ። መጽሐፍ ካነሰህ ትዕይንቱን በእጃቸው ይገልብጡት፤ አጭር ነው፣ አያስቸግርም። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ