ቀብዱን ከመስጠትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ዝም ከተባባልን ብዙ ጊዜ ሆነን። በመካከላችን ክፉ ነገር ገብቶ እንዳልሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። አንቺ ሐዋሳ ገባሽ፣ እኔ እዚሁ አዳማ ቀረሁ፣ ልጅ መጣ፣ ሥራ በዛ፤ ወሬያችን የበዓል "እንኳን አደረሳችሁ" ብቻ ሆነና ቆይቶ እሱም ቀረ። ከልቤ ግን ወጥተሽ አታውቂም። በፍራንኮ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ተከራይተናት የነበረችው ክፍል ያለችበትን ግቢ ዞር ብዬ ሳላይ አላልፍም።

ሰሞኑን ታናሽ እኅትሽን መናኸሪያ አግኝቻት፣ "እቴቴ የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዛ ነው፤ ሻጩ በዚህ ሳምንት ቀብድ ካላስያዝሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሏታል" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ልጆቹን ዝናብ ላይ ይዘሽ ባጃጅ ስትጠብቂ ስለማስብ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ግን ልቤ ደነገጠ። እኔም በቅርቡ ገዝቻለሁና ነገሩ ትኩስ ነው፤ በስልክ ተቆራርጦ ከሚሆን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። ከዚህ ሁሉ ወረቀት አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢልኝ፦ ጠቅላላው ዋጋ፣ የመኪናው ማንነትና የርክክቡ ቀን በወረቀት ሳይሰፍር ቀብድ እንዳትሰጪ።

"ለሌላ እሰጠዋለሁ" የሚለውን ሁሉም ይሉታል። ለእኔም ተብሏል። ያ "ሌላ ሰው" ሳይመጣ መኪናው እዚያው ግቢ ቆሞ አገኘሁት። እውነት ሌላ ገዢ ኖሮ ቢወስደውም ምንም አይደለም፤ ዛሬ ገበያው ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ሞልቷል። ጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና አይገባም ከተባለ ወዲህ አስመጪው ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ነው ያዞረው።

ሻጮች የሚያነሱት ሌላው ነገር ዶላር ነው። ይህኛው እውነትነት አለው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ የመኪና ዋጋ እንዴት እንደዘለለ አይተናል። ነገር ግን ግቢው ውስጥ የቆመው መኪና በዛሬ ዶላር አልተገዛም። ቀረጡ የተከፈለበት ቀን ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ) ላይ ተጽፏል። "እስቲ ዲክላራሲዮኑን ልየው" ብለሽ ጠይቂ፤ ቀናውን ነጋዴ አያስቀይመውም። ሻጩ በበኩሉ "ይህን ሸጬ ሌላ የማመጣው በአዲሱ ምንዛሪ ነው" ይልሻል፤ እሱም ሐሰት አይደለም፣ አዳምጪው። ከሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ላይ ነው ድርድሩ። አንድ ወር የቆመና ዓመት የቆመ መኪና ደግሞ አንድ ዋጋ ሊጠራባቸው አይገባም።

ቆይታውን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። ጎማው ጎን ላይ፣ እጅሽን አስገብተሽ አቧራውን ስትጠርጊው፣ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ ታገኛለሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ነው የሚናገሩት። እኔ ላየው የሄድኩት መኪና "የ2024 ሞዴል" ተብሎ ነበር የተነገረኝ፤ ጎማው 3523 ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጎማ ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን የሻንሲ ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ) ከፊት መስታወቱ ሥር አነበብኩ። አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ነው፤ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይነግርሻል፦ "ፒ" ከሆነ 2023፣ "አር" ከሆነ 2024፣ "ኤስ" ከሆነ 2025። "ፒ" ነበር። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ "ወንድሜ፣ ይህ የ2023 ነው" ብዬ ጣቴን አሳረፍኩበት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ንግግራችን ተለወጠ።

እንዲህ ቆሞ የከረመ መኪና መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ እኔም ያንኑ ነው የገዛሁት። ግን ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ደክማ ሊሆን ይችላል፣ ትልቁም ባትሪ ባዶውን ከርሞ ከሆነ ጥሩ አይደለም። ፊትሽ ሙሉ በሙሉ ይሙሉት፣ ከዚያ ዳገት ላይ ንጂው። እኔ ወደ ነፋስ ኃይል ማመንጫው ኮረብታ ይዤው ወጣሁ።

እኅትሽ የነገረችኝ ሲጋል፣ ያቺ ትንሿ የቢዋይዲ (BYD) የኤሌክትሪክ መኪና መሆኗን ነው። እንግዲያው ስሚኝ፦ ሲጋል መልኩ አንድ ሆኖ ባትሪው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ፋብሪካው 305 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይለዋል፤ ሌላው ወደ 39 የሚጠጋ፣ 405 ኪሎ ሜትር የተባለለት። ቴሌግራም ላይ "ሲጋል በዚህ ዋጋ" ተብሎ ሲለጠፍ የትኛው እንደሆነ አይጻፍም፤ ሰውም ርካሹን አይቶ ከውዱ ጋር ያነጻጽራል። ኪሎ ሜትሩ ራሱ በቻይና መለኪያ፣ ቀስ ባለ ከተማ ነክ አነዳድ የተለካ ነው። በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ (አዳማ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ እንደምትል አትርሺ) ባትሪው ከወረቀቱ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው፤ ስመለስ ቁልቁለቱ ይክሰኛል። አንቺ ሐዋሳ ውስጥ ልጆች ልታመላልሺበት ከሆነ ትንሹ ይበቃሻል፣ ገንዘብሽን አትጨምሪ። እዚህ እየመጣሽ ልትጠይቂኝ ካሰብሽ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ትልቁን ያዢ፤ እኔ ይህኛውን ነው የምመርጥልሽ!

አሁን ወደ ድርድሩ ልምጣ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነበር የሄድኩት። ሻጩ ትሑት ሰው ነው፣ ቡና አስመጣልን፣ ግን የሚያወራው ወንድሜን እያየ ነው። "የምገዛው እኔ ነኝ" አልኩትና ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቅሁ። "ቁርጡ ስንት ነው?" አላልኩም፤ ያ ጥያቄ የመኪናውን ዋጋ ብቻ ነው የሚያወጣው። ያልኩት፣ "ሊብሬው በስሜ ወጥቶ፣ ሰሌዳውና ቦሎው ተለጥፎ፣ ቻርጀሩ ከነገመዱ ተሰጥቶኝ ከግቢህ ነድቼ ስወጣ፣ በድምሩ ስንት እከፍላለሁ?" ነው። ዝም አለ፣ ከዚያ መጻፍ ጀመረ። ከጠራው ዋጋ በታች የማጓጓዣ፣ የጉዳይ ማስፈጸሚያ፣ የቻርጀር፣ የምንጣፍ እያለ መስመሩ ረዘመ። አስቢው፣ ይህን ሁሉ ቀብድ ከሰጠሁ በኋላ ነበር አንድ በአንድ የምሰማው።

እያንዳንዱን መስመር "ይህ ለምንድነው?" እያልኩ ጠየቅሁ። ማጓጓዣው "ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ" ነው አለኝ። ዲክላራሲዮኑ ደግሞ የሞጆ ጉምሩክ ማኅተም አለበት። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በአዋሽ፣ በመተሐራ አድርጎ በእኛው ከተማ አልፎ ነው ሞጆ የሚገባው፤ ሞጆ ደግሞ ደጃችን ናት። ማኅተሙን አሳየሁት። እስክሪብቶውን አንሥቶ መስመሩን ሰረዘው፣ አልተከራከረም። ላንቺ ግን ይህን አትጠቀሚበት፤ ሐዋሳ ለማድረስ እውነተኛ ወጪ አለውና ተገቢውን ክፈይ። የጉዳይ ማስፈጸሚያውን "ደረሰኝ ያለውን እከፍላለሁ" አልኩት፣ ወደ ግማሽ ወረደ። ቻርጀሩና ምንጣፉ ከመኪናው ጋር ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ዋጋ ያነሣሁት። ከመሄዴ በፊት አዲስ አበባም እዚህም ደውዬ፣ ያንኑ ባትሪና ያንኑ ዓመት ጠቅላላ ዋጋውን በጽሑፍ አስልኬ ነበር። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት፣ የ2023 መሆኑንም አስታወስኩት፣ የምችለውን ቁጥር ተናገርኩና ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ከባድ ነው፤ እኛ ሰው ሲጨነቅ አይተን "እሺ ትንሽ ልጨምር" ማለት ይቀናናል። ቻይው። አለቃውን ሊያማክር ወጣ፣ ተመልሶ ግማሽ መንገድ መጣልኝ። "አመሰግናለሁ፣ አስብበታለሁ" ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። የማስመሰል አልነበረም፤ በዚያ ዋጋ ባይሆን ሌላ ቦታ ለመግዛት ቆርጬ ነበር። በማግሥቱ ራሱ ደወለ። በመጨረሻ መጀመሪያ ከጻፈው ድምር 140 ሺህ ብር ቀነሰልኝ።

ከዚያ በላይ ልጫነው እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። እሱም ኪራይ ይከፍላል፣ ሠራተኛ ያስተዳድራል። ዳሽቦርዱ ላይ የማላውቀው መብራት ሲበራ የምደውለው ለእሱ ነው፤ በእልህ ያስሸጡት ሻጭ ግን የገዢውን ስልክ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ለእኔ ትክክለኛ ዋጋ ማለት እሱም እኔም ምን ምን እንዳለበት አውቀን የተስማማንበት ነው።

ደላላ አለሽ? ካለ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍለው አሁኑኑ ጠይቂ፤ ከሁለት ወገን የሚቀበል ሰው ዋጋ አያስወርድልሽም። ከባንክ የምትበደሪ ከሆነም ስለ ወርኃዊ ክፍያ ከሻጩ ጋር አታውሪ። "በወር ስንት ይመችሻል?" ከተባለ ጠቅላላው ዋጋ ከዓይንሽ ይሰወራል።

የቀብዱን ነገር ሕጉም ይናገራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ውሉ ላይ "ገንዘቡ አይመለስም" የሚል ብቻ ካለ የአንቺ ጎን ተቆርጧል ማለት ነው፤ የእሱም ግዴታ ይጻፍ። "የምንዛሪ ለውጥ ካለ ዋጋው ይከለሳል" የሚል መስመር ካየሽ አስወጪው፤ እምቢ ካለ መኪናው ገና መርከብ ላይ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፣ ቆሞ ያለውን ፈልጊ። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የባትሪው መጠን፣ ቀለሙ፣ የርክክቡ ቀን፣ ዋስትናው ማን እንደሚሰጠውና ለስንት ዓመት እንደሆነ ከፊርማሽ በላይ ይስፈር። ብዙዎቹ በፋብሪካው ወኪል በኩል ያልመጡ ስለሆኑ፣ "የፋብሪካ ዋስትና አለው" የሚለውን ቃል በወረቀት ካላገኘሽ የለም ብለሽ ቁጠሪው። ክፍያው በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ)፣ በድርጅቱ ስም ይሁን፤ በግለሰብ ሒሳብ አታስገቢ። ውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ ቢሉሽም እሺ አትበዪ፤ ክርክር ቢነሣ በእጅሽ የሚኖረው ያ ትንሽ ቁጥር ነው። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" የሚሉት ለዚህ ነው።

ኢንሹራንሱን ራስሽ አጠያይቂ፣ ሻጩ ያመጣልሽን ብቻ አትያዢ። ስክሪኑ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩንም ሳትረከቢ እይ። ቤትሽም የመብራት ሠራተኛ አስገብተሽ መስመሩ ቻርጀሩን መሸከም መቻሉን አስፈትሺ፤ የእኔ ቆጣሪ ዘንድ ያለው ሽቦ ቀጭን ስለነበር መለወጥ አስፈልጎ ነበር፣ ይህም ወጪ ነውና ከበጀትሽ ላይ አስቀምጪለት።

ብዙ ጻፍኩ። እስከዚያው ለሰውየው "ጠቅላላውን በጽሑፍ ላክልኝ፣ ሳምንት ስጠኝ" በይው። የሚልክልሽን ወረቀትና የጎማውን ቁጥር ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ቁጥሬ አልተቀየረም። ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነፃ ነኝ፣ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን። ከፈለግሽም ፈቃድ ወስጄ ሐዋሳ ድረስ እመጣና አብሬሽ እገባለሁ፤ አንቺንም እማማንም ማየት አምሮኛል። ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም እንዲሁ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ
ከአዳማ