ፍጥነቱ ሳይታወቅ መስመሩ አይታወቅም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የስፖርት ገጻችሁ ጎልፍን ባነሳ ቁጥር ሩቅ ስለሚበረው የመጀመሪያ ምት ይተርካል። ውጤት የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ባለበት በአጭሩ በታጨደው ሣር ላይ ነው፤ በተለይ ግሪኑ ፈጣንና ተዳፋት ሲሆን። በባሕር ዳር የግቢ ሣር ላይ ፓተር (ኳስ ወደ ጉድጓዱ የሚንከባለልበትን ዱላ) ይዞ የሚለማመድ ሰው ይህ ጉዳይ ከማንም በላይ ይመለከተዋል። የግቢ ሣር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቁመት ሲኖረው የውድድር ግሪን ግን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ታጭዶና ተዳምጦ ነው የሚቀርበው። ዘገምተኛ ሣር የለመደ እጅ እዚያ ሲደርስ ኳሷን ከጉድጓዱ አሳልፎ ቁልቁል ይሰዳታል።

የግሪን ፍጥነት የሚለካው ስቲምፕሜትር በሚባል፣ 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሚረዝም የአሉሚኒየም አሸንዳ ነው። አንድ ጫፉ ቀስ ተብሎ ሲነሳ ኳሷ ተንከባልላ ትወርድና ደልዳላው ላይ የሄደችው ርቀት በጫማ ይቆጠራል። 8 ጫማ መካከለኛ ነው፣ 10 ፈጣን፣ 12 እና ከዚያ በላይ የታላላቅ ውድድሮች ነው።

አሁን በአንድ ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ተዳፋት እንውሰድ። በ10 ጫማ ግሪን፣ ደልዳላ ላይ 3 ሜትር የሚያስኬድ ምት ቁልቁል 4.9 ሜትር ገደማ፣ ሽቅብ 2.2 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። በ12 ጫማ ግሪን ደግሞ ደልዳላ ላይ ያንኑ 3 ሜትር የሚያስኬድ ምት ቁልቁል ወደ 5.5 ሜትር ይደርሳል፤ ሽቅብ ግን ከ2.1 ሜትር ብዙም አይርቅም። ልብ በሉ፦ ፍጥነት ሲጨምር ሽቅቡ እምብዛም አይለወጥም፣ ቅጣቱ ሁሉ ቁልቁሉ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ግሪን የሚላከው ኳስም ሆነ ረጅሙ የመጀመሪያ ፓት (የፓተር ምት) ከጉድጓዱ በታች፣ በተዳፋቱ ዝቅተኛ ወገን እንዲያርፍ ማቀድ ያስፈልጋል። ከጉድጓዱ በላይ ካለ አንድ ሜትር ከበታች ያለ ሁለት ሜትር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ተጫዋች መጀመሪያ መስመር ይፈልጋል፣ ኃይሉን በኋላ ይገምታል። ይህ የተገለበጠ አካሄድ ነው። ኳስ እየዘገየች ስትሄድ ተዳፋቱ አብልጦ ይጎትታታል፤ ስለዚህ ከአንድ ቦታ እንደ ፍጥነቱ ብዙ መስመር አለ። ቅድሚያ ኳሷ ጉድጓዱ ጋ በምን ፍጥነት እንድትደርስ እንደሚፈለግ መወሰን ነው። ሽቅብ ሲሆን ብትስት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር በምታልፍበት ኃይል መምታት ይቻላል። ቁልቁል ሲሆን ግን አፋፉ ላይ ልትቆም ስትል ከላይኛው ወገን እንድትገባ ነው። ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ፈጥና ለምትመጣ ኳስ ግን የሚያገለግለው መሐሉ ብቻ ነው።

ከዚያ መስመሩ ይነበባል። ከዝቅተኛው ወገን ቆሞ ማየት ከላይ ቆሞ ከማየት ይበልጣል፤ ወደ ጉድጓዱ ያለው የመጨረሻው ሲሶ ደግሞ ከሁሉ በላይ ትኩረት ይሻል፣ ኳሷ አብዝታ የምትታጠፈው እዚያ ነውና። አንድ የተለመደ ስህተት አለ፦ ኳሷ ትታጠፋለች ብሎ ያሰቡትን ከፍተኛ ነጥብ ማነጣጠር። ኳሷ እዚያ ሳትደርስ መታጠፍ ስለምትጀምር ከነጥቡም ከፍ ብሎ ማነጣጠር ይገባል። ከጉድጓዱ በላይ የሳተች ኳስ እስከ መጨረሻው የመግባት ዕድል አላት፤ በታች የወረደች ግን የላትም።

አመታቱ ላይ የፓተሩን እጀታ ከጫፉ ዝቅ ብሎ መያዝና ወደ ኋላ የሚሄድበትን ርቀት ማሳጠር ይበቃል። ረጅም ስቦ መሐል ላይ ማብረድ ግን የፓተሩን ፊት ያዛባል። በጣም ተዳፋት በሆነ ቁልቁለት ባንዲራው እንዲቆይ እመክራለሁ፤ ከ2019 ጀምሮ ኳስ ጉድጓዱ ውስጥ የቆመውን ዘንግ ብትመታ ቅጣት የለም።

በውሃ ዳር ሜዳዎች «ኳስ ሁልጊዜ ወደ ሐይቁ ትታጠፋለች» ሲባል ይሰማል። መሬቱ ወደ ሐይቁ ካዘነበለ እውነት ነው፤ ግሪኑ በሌላ አቅጣጫ ውሃ እንዲያፈስ ከተሠራ ግን ሐይቁ ምንም አይስብም። ጣና የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው፦ የውሃው ጠርዝ እውነተኛ አግድም መስመር ስለሆነ፣ ዓይን የተዳፋቱን መጠን ከእሱ ጋር ያስተያያል። ሣሩ ሰርዶ ከሆነ ደግሞ የተኛበት አቅጣጫ ይታይ። ከቆሙበት ሲያበራ ወደ ፊት ተኝቷልና ኳሷ ትፈጥናለች፤ ጠቆር ሲል ወደ እርስዎ ተኝቷልና ትዘገያለች።

ለልምምድ ውድ ነገር አያስፈልግም። 3 ሜትር ጣውላ ላይ ጠጉሩ አጭር የሆነ ስስ ምንጣፍ ዘርግቶ አንዱን ጫፍ 9 ሳንቲ ሜትር ማንሳት ከላይ ያልኩትን 3 በመቶ ይሰጣል። ጎኑ እንዳያዘነብል በውሃ ልክ ይረጋገጥ፤ በውድድር ጨዋታ መሐል ግን ውሃ ልክ ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። በቅድሚያ ቁልቁል ብቻ፣ ኳሷ ጫፉ ላይ ከተሰመረ መስመር ሳታልፍ እስክትቆም ይለማመዱ። ጉድጓድ የሚያክል ክብ የሚሣለው እጅ ያንን ኃይል ከለመደ በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጎልፍ አሠልጣኝ፣ ከባሕር ዳር