ጀርባዬን ያጠቡኝ እናት

ሚጡዬ፣

ትናንት አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ጀርባዬን አጠቡኝ። እዚያው እንደተቀመጥኩ እንባዬ መጣ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን ነው። ሻይ እንኳ ሳላፈላ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ይቅርታ አድርጊልኝ። የምለው ብዙ ነው፣ እመለስበታለሁ። አሁኑኑ ካነሳሁት ግን እንደ ሌላው ጊዜ እሰርዘውና ደብዳቤው ይቀራል። ስንቱን ጀምሬ እንደቀደድኩት ብታዪ! መጀመሪያ ስለ ትናንቱ ልንገርሽ።

ቤፑ ማለት ከተማው በሙሉ ፍልውሃ ነው። ከ2,000 በላይ ምንጭ አለው፤ በጃፓን ይህን ያህል ያለው ሌላ ከተማ የለም። ካናዋ የሚባለው ሰፈር ከመንገዱ ቦይ፣ ከሰዉ ጓሮ፣ ከድንጋዩ ሥር እንፋሎት ይተናል። የመጣሁ ሰሞን የሆነ ቤት እየተቃጠለ መስሎኝ ቆሜ ሰው ስጠራ ነበር። እንዲህ ያለ አገር ሁለት ዓመት ስኖር ግን አንድ ቀን ሙሉ አርፌ አላውቅም። ትምህርት፣ ማታ ሥራ፣ አውቶቡስ፣ እንቅልፍ። በቃ።

ባለፈው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፌን አስገባሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አልሆነም። ትከሻዬ ድንጋይ ሆኗል፣ ስተኛም ጥርሴን ነክሼ ነው የማድረው። አብራኝ የምትሠራ የዚህ አገር ልጅ አየችኝና «ነገ ስልክሽን ዝጊና ውሃ ውስጥ ዋይ» አለችኝ። ታዘዝኳት።

ጠዋት ካናዋ ያለው የእንፋሎት ቤት ገባሁ። ኢፐን የሚባል መነኩሴ በ1276 እንደመሠረተው ይነገራል። በሩ አጭር ነው፣ በጉልበትሽ እየዳሽ ነው የምትገቢው። ውስጡ ጨለም ብሎ ይሞቃል። ወለሉ ላይ ምን ተጎዝጉዟል መሰለሽ? ሣር! ሴኪሾ ይሉታል፤ ጅረት ዳር የሚበቅል፣ ረዘም ያለ፣ ሽታው ልብ የሚያርስ። ቁርጥ ቄጤማ። ጀርባዬን ሰጥቼ ተኛሁበትና ዓይኔን ጨፈንኩ። የፋሲካ ዕለት ጠዋት እናንተ ሳሎን የገባሁ መሰለኝ። ቡናው ሊፈላ ነው፣ አንቺ አዲሱን ቀሚስሽን እንዳላቆሽሽብሽ አትጠጊኝ ትያለሽ። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሲያንኳኩብኝ መውጣት አልፈለግኩም።

ከዚያ ምሳ በላሁ። ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት የበሰለ እንቁላልና ስኳር ድንች። ጨው ነካ አድርገሽ ነው። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ከሰዓት በኋላ የሄድኩበት ነው ዋናው። ታኬጋዋራ ይባላል። ትልቅ፣ አሮጌ የእንጨት ቤት፣ ጣሪያው እንደ ቤተ መቅደስ ክንፉን የዘረጋ። ይሄኛው ሕንፃ በ1938 የተሠራ ነው። መታጠቢያው የተጀመረው ግን በ1879 ነው። ቁጥሩን ሳይ ክው አልኩ። 1879! እኛ አዲስ አበባ ተቆረቆረች የምንልበት ዓመት። በርግጥ የነሱ በፈረንጅ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ዳር ቤት ሊያሠሩ ገና ሰባት ዓመት ይቀራቸዋል። ቢሆንም አንድ ነገር የነገረኝ ነው የመሰለኝ። እኔና አንቺ ያደግነው በፍልውሃ አይደል?

ይህን ቤት ለማን ብዬ እንዳገኘሁት ልንገርሽ። ለእናትሽ፣ ለእታለም ነው።

ቦሌ ሲሸኙኝ አንቺ ሻንጣ ልትመዝኚ ስትሄጂ ጎትታ አቀፈችኝና «ጃፓን ፍልውሃ አለ ይላሉ፤ ለዚህ ጉልበቴ የሚሆን ፈልጊልኝ» አለችኝ። እፈልጋለሁ አልኳት። የምሬን ነበር። እዚህ በደረስኩ በወሩ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያየሁት አንድ ትልቅ መታጠቢያ በሩ ላይ ምልክት ለጥፏል፤ ንቅሳት ያለበት ሰው አይገባም። እዚህ አገር ንቅሳት የወሮበሎች፣ የያኩዛዎች ምልክት ሆኖ ስለኖረ ነው። በፈረንጅ በ2013 ሆካይዶ ውስጥ አገጫቸውን በባህላቸው የተነቀሱ አንዲት የማኦሪ ሴት ከኒውዚላንድ በእንግድነት መጥተው ከበር መልሰዋቸዋል። ምልክቱ ፊት ቆሜ የእታለም አንገት ታየኝ። ያ ሰማያዊ መስመር፣ እየዞረ የሚወርደው፣ ጆሮዋ ሥር ያለችው ትንሽዬ መስቀል። ያንን አንገት ማን ከበር ይመልሰዋል? ንድድ አለኝ። ከዚያ እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩ ታኬጋዋራን አገኘሁ። እዚያ ስለ ንቅሳት የሚጠይቅ የለም። ደግሞ የአሸዋ መታጠቢያ አለው፤ ልብስ ለብሰሽ ነው የምትገቢው፣ ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ። ደስ ብሎኝ በሩን ፎቶ አነሳሁት። ደውዬ ልነግራት ነበር።

ነገ እላለሁ፣ ቅዳሜ እላለሁ። ሳልነግራት ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ደጅ ሳልፍ መንገድ እቀይር ነበር። ትናንት ግን ገባሁ።

ዩካታ ሰጡኝ፣ ቀጭን የጥጥ ልብስ። አሸዋው ጠቆር ያለ ነው፣ ፍልውሃ እያሞቀው ይተናል። አንዲት ጠንካራ ሴትዮ በአካፋ ጉድጓድ አበጁልኝና ተኚ አሉኝ። የእንጨት ትራስ አለው። ከዚያ ከእግሬ ጀምረው አሸዋውን እየዛቁ ይጭኑብኝ ጀመር። እግሬ፣ ጉልበቴ፣ ሆዴ፣ ደረቴ፣ እስከ አንገቴ። ሚጡዬ፣ ይህን ላንቺ መጻፍ ይከብደኛል። ሁለቴ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ግን ካልጻፍኩት ለምን እንደጻፍኩልሽ አይገባሽም። አሸዋው ደረቴ ላይ ሲደርስ «አፈር አልብሰዋት ሲመለሱ እኔ የት ነበርኩ?» አልኩ። በልቤ ነው ያልኩት፣ ጮክ ያልኩ ግን መሰለኝ።

አሸዋው ከባድ ነው። ሲጫንሽ ግን አያስጨንቅም፤ ክረምት ላይ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን፣ ዳሩን ከሥራችን አስገብታ ስትጠቀልለን የነበረውን ያህል ነው። የልቤ ምት በጣቴ ጫፍ ተሰማኝ። ከዚያ በተረከዜ። ላቤ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል፤ እጄ ተቀብሯል፣ መጥረግ አልችልም። ሴትዮዋ መጥተው በፎጣ ጠረጉልኝ። የሚጠርጉት ግን ላብ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ወደ መደበኛው የሴቶች መታጠቢያ ገባሁ። ደረጃ ወርደሽ ነው የምትገቢው። ሻወር የለም። ከገንዳው በባልዲ እየቀዳሽ፣ መሬት ቁጭ ብለሽ ትታጠቢያለሽ፤ ንጹሕ ከሆንሽ በኋላ ነው ውሃው ውስጥ የምትገቢው። ሁሉም ራቁታቸውን ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ለኔ ከባድ ነበር፤ ፎጣዬን ከአገጬ አላወርድም። አሁን ለምጄዋለሁ። ማንም ማንንም አያይም። የሰፈሩ አሮጊቶች ሳሙናቸውን በቅርጫት ይዘው ይመጣሉ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ያወራሉ። ውሃው ያቃጥላል፤ አንቺ ብትሆኚ ቤቱን በጩኸት ነበር የምታፈርሺው። ሁልጊዜ እግርሽን ነክረሽ «ይሄ የዶሮ ላባ መንቀያ ነው» ትይ አልነበር?

አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ከየት ነሽ አሉኝ። ኢትዮጵያ አልኳቸው። «አቤቤ!» ብለው በተቀመጡበት ክንዳቸውን እንደሚሮጥ ሰው አወዛወዙ። በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ አበበ ቢቂላን በቴሌቪዥን አይተውታል። ሲያወሩኝ ቆዩና ድንገት «ኦሰናካ ናጋሺማሾ ካ» አሉኝ። ጀርባሽን ልጠብልሽ ወይ ማለት ነው። እሺም እምቢም ሳልል ዞርኩላቸው።

የያዙት ፎጣ ሻካራ ነው። ከአንገቴ ጀምረው በአከርካሪዬ ላይ ወደ ታች ወረዱ። ከዚያ በክብ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ክንዴን ከፍ አደረጉትና ብብቴ ሥር። ሚጡ፣ ልክ እንደዚያ ነው! ተራችን ደርሶ ስንገባ እታለም መጀመሪያ እኔን ነበር የምታጥበኝ፤ እንግዳ ይቀድማል ብላ። አንቺ ታኮርፊያለሽ። ክንዴን ከፍ ታደርግና በቃጫው ትፈትገኛለች፣ «ቁሚ፣ አትንቀጥቀጪ፣ ይሄ ሁሉ እድፍ የማን ነው?» እያለች። ጨርሳ የሞቀውን ውሃ በጣሳ ታፈስብኛለች። አሮጊቷም በመጨረሻ ባልዲውን ሞልተው ቀስ ብለው ጀርባዬ ላይ አፈሰሱት። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ድምፄን ውጬ ነበር፤ ትከሻዬ ግን ነገረብኝ መሰለኝ፣ ምንም ሳይሉ ሌላ ባልዲ ቀዱ። ደግመው አፈሰሱ። ሦስተኛም ቀዱ።

እንግዲህ አሁን ልናገር።

ያን ሌሊት ሁለቴ ደውለሻል። አይቼዋለሁ። ተኝቼ አልነበረም። እዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር፣ ጠዋት ፈተና ነበረብኝ። ጨዋታ ፈልገሽ ነው ብዬ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። በማግስቱ እህቴ «እታለም አረፈች» ብላ ጻፈችልኝ። ስንት ሰዓት ላይ ብዬ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። አስልቼው ተቀመጥኩ። እናትሽ እጅሽ ላይ ስታርፍ የጠራሽው እኔን ነበር።

ምን ብዬ ልደውልልሽ? ነፍስ ይማር ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ሰልስቱ አለፈ። አርባዋ ደረሰ። ከአርባ በኋላ ደግሞ በምን አፌ አልኩ። ሙት ዓመቷ ዕለት ሻማ አበራሁ፣ ሙሉ ቀን ስልኩን ይዤ ዋልኩ። ቀኑ በቆየ ቁጥር ፍርሃቴም አብሮ አደገ። አሁን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነው። የሰፈር ሰው ሁሉ ድንኳን ገብቶ ሲያለቅስ፣ ጀርባዬን አጥባ ያሳደገችኝ እኔ ግን ከለቅሶዋ ቀረሁ። ይህን ከማንም በፊት አንቺ ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ከኔ አፍ መስማት ነበረብሽ። ነፍሷን በገነት ያኑርልን። አንቺን ያጥናሽ። ዘግይቼ ነው የምልሽ፣ ግን ከልቤ ነው።

ልለምንሽ የምፈልገው ነገር አለ። አፈር ስሆን፣ የመጨረሻ ቀኖቿን ንገሪኝ። ምን ትል ነበር? ጉልበቷ ታሟት ነበር? ስለኔ ጠይቃ ነበር? ጠይቃ ከሆነም አትደብቂኝ። ብቻሽን ተሸክመሽዋል፣ እኔም መስማት አለብኝ። ደግሞ ያ የገላ ቃጫዋ፣ በሰማያዊ ክር የጠገነችው፣ አለ? ካለ አትጣይው። ከአዲስ ዓመት በፊት እመጣለሁ፣ ትኬት እያየሁ ነው። ቀጥታ ከቦሌ መቃብሯ ጋ እንሄዳለን፣ እሺ ካልሽኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ባንቺ አምስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። በኔ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ሥራ የለኝም። ካላነሳሽ አይከፋኝም። ተናደሽ ልትጮሂብኝ ከሆነም አንሺና ጩሂ። የዚያ እሁድ ካልሆነ የሚቀጥለው እደውላለሁ። ከዚያም የሚቀጥለው።

የታኬጋዋራን በር ፎቶ ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሻለሁ። ያኔ ለእታለም ያነሳሁት ነው።

ሉሉ
ቤፑ