የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ሥራ

ክበባችን ሥራውን የጀመረው በዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሰው ከተደራረቡ ስድስት ላፕቶፖች ነው። ሁሉም «አይሠሩም» ተብለው ተመዝግበዋል። የሁለቱ ማዘርቦርድ (ዋናው ሰሌዳቸው) ተቃጥሏል፤ ራማቸውን (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታቸውን) አውጥተን ለሌሎቹ ሰጠን። የአራቱ ሕመም ግን እርጅና ብቻ ነበር። የተጫነባቸው ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ ድጋፍ የተቋረጠበት ነው፤ በ2 ጊጋባይት ራም ላይ አዲሱን መጫን ደግሞ ማሽኑን ማሠቃየት ይሆናል። ስለዚህ በዊንዶውስ ፈንታ ቀለል ያለውንና ነፃ የሆነውን ሉቡንቱ የተባለ ሥርዓተ ክወና በፍላሽ ጫንን። በመጀመሪያው ቀን መሃል ላይ መብራት ጠፋና እንደገና ከሀ ጀመርን።

ስለ አንደኛው ላፕቶፕ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ይመለሳል፤ ድረ ገጽ ሲከፈትም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። የድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፍኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ቀኑ የተዛባበት ማሽን ትክክለኛውንም አያምንም። ልጆቹ «ቫይረስ ነው» አሉ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን የጀርባውን ክዳን ፈትታ ማሽኑ ሲጠፋም ሰዓቱንና ቀኑን የምታስቆጥረውን፣ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አገኘች። 3 ቮልት መስጠት ሲገባት በቴስተር ስንለካት 1 እንኳ አልሞላችም። በላይዋ የተጻፈው 2032 ስፋቷ 20፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው ማለት እንደሆነ ያን ዕለት አወቅን። ደብረ ማርቆስ ገበያ ካለ ሰዓት ሠሪ ገዝተን ቀየርናት።

ቀኑን ስናስተካክል ታዲያ «ለምን መስከረም አይልም?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚመልስ ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ መጻፍ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን ስናስገባ መስከረም 1 አለን፤ ዕለቱ ግን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነበር። ስሕተቱን ስንፈልግ ሳምንታት አለፉ። መፍትሔውን ያመጣው አብነት ትምህርት ቤት ቆይቶ ወደ እኛ የመጣ ልጅ ነው። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት በሆነው በባሕረ ሐሳብ ደንብ 2015 ላይ 5500 ደመረና 7515ን ለአራት አካፈለ፤ 3 ተረፈ። «ሦስት ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ናት፣ መምህር» አለኝ። ይህንኑ በአንድ መስመር ኮድ ጻፍነውና ሠራ። በጎጃም ጉባኤ ቤቶች በቃል ሲሰላ የኖረው ቀመር በተጣለ ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ ሳይ የተሰማኝን ደስታ በዚህ ዘገባ መደበቅ አልፈልግም።

አራቱ ላፕቶፖች አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው፤ ፕሮግራሙም ተጭኖባቸዋል። የሰዓቱ ነገር ግን አላለቀም። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት ስድስት ሰዓት መቀነስ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ቀኑን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ነው። ግማሾቹ አባላት «እንደዚያው ይቀየር»፣ ግማሾቹ «ሲነጋ ይቀየር» እያሉ እስከ መጨረሻው ስብሰባ ድረስ ሲከራከሩ ነበር።