ላዳ የተባልሽበት ሌሊት

ይድረስ ለልጄ ለላዳ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ ማክሰኞ ማታ ሜክሲኮ፣ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያን ሆድ ይዘሽ ቆመሽ እንዳየችሽ ብትነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። በስምንት ወርሽ! የራይድ ሒሳብ ተወደደ ብለሽ ነው አሉ። ተይ ልጄ፣ ለመንገድ ብር አትሰስቺ።

ስለ ስምሽ ስትሰሚ ያደግሽው ነሐሴ 1992 ሌሊት ታክሲ ጠፍቶ፣ በስንት መከራ አንድ ላዳ ተገኝቶ፣ እዚያው ውስጥ ተወለድሽ የሚለውን ነው። ታክሲ አልጠፋም ነበር።

ከዶሮ ማነቂያ ወጥተን አስፋልቱ ዳር እንደቆምን ነው አንድ ላዳ የመጣው። እስከ ጥቁር አንበሳ 30 ብር አለ። 15 አልኩት። እናትሽ የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ወገቧን ይዛለች። 20 አልኩት። «ስጠው በቃ» አለችኝ፣ ድምጿ ቀጥኖ። ኪሴ ውስጥ 60 ብር ነበር፤ የዕቁብ ነው ብዬ ሰሰትኩ። ሹፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። ሌላ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ዝናብ ወረደብን።

ሁለተኛው ሹፌር ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ዋጋ ሳይናገሩ በሩን ከፈቱልን። የዝናብ መጥረጊያው አይሠራም፤ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው መስታወቱን በጨርቅ እየጠረጉ ቸርችል ጎዳናን ወረዱ። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ እናትሽ ጮኸች። ዳር ይዘው አቆሙና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ፤ ፊታቸውን አዙረው «ማርያም ማርያም» ይሉ ጀመር። በዚያ ጋቢ ነው የተቀበልኩሽ። እትብትሽ ሳይቆረጥ ሆስፒታል ገባሽ። ብሩን ስዘረጋላቸው «ለአጥሚቷ ይሁን» ብለው እጄን መለሱት። ጋቢውን ልመልስ ስንት ቀን ፒያሳ ታክሲ ተራ ፈለግኳቸው፣ አላገኘኋቸውም።

አያትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቦታውን ሲሰሙ «ቴዎድሮስ በፈረሳቸው አባ ታጠቅ ተባሉ፣ ምኒልክም አባ ዳኘው። የእኔ ልጅ ፈረሷ ላዳ ናት» አሉ። በመዝገብ ስምሽ አንድ ቀን ጠርተውሽ አያውቁም። አማቶችሽ ፊት ላዳ ስልሽ አንገትሽን ስትደፊ አይቻለሁ። አትድፊ። በዚህ ስም ማፈር ካለብኝ እኔ ነኝ። በጠራሁሽ ቁጥር «ስጠው በቃ» ነው ጆሮዬ ላይ የሚመጣው። እናትሽ እስከ ዛሬ አላነሳችብኝም። ለእንግዳ ታክሲ ጠፋ እያልኩ ሳወራ እንኳ ቡናዋን እያፈላች ዝም ነው። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ያ ደረጃም አብሮ ሄደ፤ እኔን ግን አልለቀቀኝም።

አሁን ስሚኝ። በቴሌብር 5,000 ብር ልኬልሻለሁ። ለመንገድ ብቻ ነው፤ ለሕፃን ልብስ እንዳታውዪው፣ እሱን እናትሽ ይዛዋለች። ቦርሳሽን አሰናድተሽ በሩ ጀርባ አስቀምጪ፣ የክትትል ካርድሽ ከላይ ይሁን። ስልክሽን ቻርጅ ሳታደርጊ አትተኚ። ባለቤትሽ የሌሊት ተረኛ ሲሆን አንድ የሰፈር ሹፌር ቁጥር ይዘሽ እደሪ። ሰልፍ ላይ እንዳትቆሚ። ምጥ ከጀመረሽ እስኪነጋ አትበይ፣ ስንት ነው ብለሽም አትጠይቂ። ለመንገድ ብር አትሰስቺ፣ የኔ እናት።

እናትሽ የአጥሚቱን እህል አስፈጭታ ጨርሳለች። ጋቢውንም አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። ቅዳሜ ሁለቱንም ይዤልሽ እመጣለሁ።

አባትሽ